«አጃቢ» የሚለው ቃል ይሻር!

በሸነን ምድር፣ በአምቦ ከተማ፣ ከመንገድ ዳር የቆመን ማንኛውንም ወጣት ስለ ሀጫሉ ሁንዴሳ ዘፈኖች ቢጠይቁት ግጥሙን ሳይደናቀፍ ያወርደዋል። «ማላን ጅራ» እ.ኤ.አ. በ2015 እንደ ወጣ፣ «ጅራ» ከሁለት ዓመት በኋላ እንደ ተከተለ ያውቃል። ድምፃዊው በሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በግፍ መገደሉንና በተወለደባት ከተማ አፈር መልበሱንም አይረሳም። ከዚያው ወጣት ፊት ፈቀቅ ሳይሉ «በእነዚህ ዘፈኖች ውስጥ መሣሪያውን የተጫወቱት እነማን ናቸው?» ቢሉት ግን ዝም ይላል። ዝምታው የወጣቱ ጥፋት አይደለም። ማን ነግሮት ያውቃል? ሬዲዮው የሚጠራው የዘፋኙን ስም ነው፤ ጋዜጣው የሚያትመው የዘፋኙን ፎቶግራፍ ነው፤ የጥበብ ሐያሲ ነኝ የሚለውም ብዕሩን የሚያነሣው ስለ ግጥሙ ሊጽፍ ነው። ከድምፁ በስተጀርባ ያለው እጅ ባለቤት የለውም። እጁ ስም ሲያስፈልገው የሚሰጠው ማዕረግ አንድ ብቻ ነው፤ «አጃቢ»።

አጃቢ ማለት በአማርኛ ማን እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። ጌታ በበቅሎ ሲወጣ ከፊትና ከኋላ፣ ከግራና ከቀኝ የሚከተለው እግረኛ ነው። ጋሻ ይሸከማል፤ አቧራ ይጠጣል፤ ጌታው ግብር ሲገባ እሱ ደጅ ይቀራል። እግረኛው በብዛቱ ይቆጠራል እንጂ በስሙ አይጠራም። የባላባትነት ሥርዓት በአዋጅ ከፈረሰ ግማሽ ምዕት ዓመት አልፎታል። በሙዚቃው ቤት ግን ጌታና ሎሌ እንደ ተቀመጡ አሉ። ዘፋኙ በበቅሎ ላይ ነው፤ ጊታሩ፣ ሳክስፎኑና ከበሮው በእግራቸው ይከተላሉ። ለመሆኑ ይህ ሥርዓት ከየት መጣ? የአገር ባህል ነው የሚል ካለ ተሳስቷል።

የአገሩን ባህል ለማወቅ አዝማሪውን ማየት ይበቃል። አዝማሪ መሲንቆውንም ቃሉንም የያዘ አንድ ሰው ነው። ስንኙን ወርውሮ ዝም ሲል መሲንቆው ይመልስለታል፤ መሲንቆው የጀመረውን ሐሳብ ጉሮሮው ይፈጽመዋል። በዚህ ንግግር ውስጥ ማን ማንን ያጅባል? የበገናው ደርዳሪም፣ የክራሩ ባለቤትም እንዲሁ ናቸው። እጅና አፍ የተለያዩት ቆይቶ ነው። ከዐድዋ ድል በኋላ የነሐስ መሣሪያ ከሩሲያ መጣ። በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች ከመምህራቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገብተው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የሙዚቃ ጓድ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተቋቋሙ። ለዘመናዊ ሙዚቃ የዋሉት ውለታ የሚካድ አይደለም። ይሁን እንጂ ከውለታቸው ጋር ሰልፋቸውንም ይዘው መጡ። ዘፋኙ ከፊት ቆመ፤ መሣሪያው የደንብ ልብስ ለብሶ በረድፍ ከኋላ ተቀመጠ። ዛሬ «ባህላችን ነው» ተብሎ የሚከበረው የዘፋኝና የአጃቢ ደረጃ እንግዲህ ከአዝማሪው ቤት ሳይሆን ከጦር ሠፈር የተወረሰ ነው።

ይህ የስም ዕዳ ምን ያህል እንደ ሆነ ለማሳየት አንድ ጊታር ተጫዋች ይበቃል። ሰላም ስዩም ወልደማርያም ይባላል። በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ኢቤክስ በተባለው ባንድ መሪ ጊታር ይጫወት ነበር። ቤዝ ጊታሩን ጆቫኒ ሪኮ፣ ሳክስፎኑን ፈቃዱ አምደ መስቀል ይዘው ነበር። ባንዱ በአዲስ አበባ ራስ ሆቴል ይሠራ ነበር፤ ኋላም ከፍ ባለው የላሊበላ ጥንታዊ ስም ሮሃ ተብሎ ቀጠለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ»ን ሲያስቀርጽ ከኋላው የነበረው ኢቤክስ ነው። በቀጣዩ ዓመት ባንዱ ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ፣ የራሱን ሥራ አስቀረጸ። የካሴት ዘመን በደረሰ ጊዜ ሮሃ ከማሕሙድ እስከ ነዋይ ደበበ በርካታ ዘፋኞችን ይዞ በየቤቱ ገባ። በዚያ ዘመን ካሴት አጫውቶ የሰላምን ጊታር ያልሰማ ኢትዮጵያዊ ቢፈለግ በቀላሉ አይገኝም፤ ስሙን የሚያውቅ ግን በጣት የሚቆጠር ነው።

ዘመኑም የዋዛ ዘመን አልነበረም። ከአብዮቱ በኋላ ለዓመታት በዘለቀው የሰዓት እላፊ ምክንያት የሆቴል አዳራሽ በር ከተዘጋ በኋላ ታዳሚው እስከ ንጋት ከዚያው ይቆይ ነበር። ባንዱም አብሮት ያነጋ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሳይሰለችና ሳያንቀላፋ መያዝ ምን ዓይነት የሙያ ትምህርት ቤት እንደ ሆነ የሚያውቀው የተጫወተው ነው። አንድ ስልት ለረጅም ደቂቃ ሳይሰለች እንዲሽከረከር የማድረጉ ጥበብ የተገራው በእነዚህ ሌሊቶች ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሰላም ስዩም ጣቱ ብቻ የሚሠራ ሰውም አልነበረም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ አጥንቷል፤ በኢትዮጵያ ስለ ዘመናዊ ሙዚቃ አመጣጥና እድገትም ጥናት አቅርቧል። ማታ ጊታሩን ይዞ ታሪኩን ይሠራል፤ ቀን ብዕሩን ይዞ ያንኑ ታሪክ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ሰው በሌላ አገር ቢሆን ስሙ የመማሪያ መጽሐፍ በገባ ነበር። እዚህ ግን በካሴቱ ሽፋን ላይ ከታች ሁለት ቃል ሰፈረችለት፤ «ሮሃ ባንድ»። እሷም ብትሆን ሁልጊዜ አልሰፈረችም።

አጨዋወቱስ እንዴት ነው? ነገሩን ለመረዳት መሣሪያውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጊታር በአንገቱ ላይ የተተከሉ የብረት ዘንጎች አሉት፤ እነሱም ድምፁን በ12 እኩል ደረጃዎች ይከፍሉታል። የኢትዮጵያ ቅኝት ከእነዚህ የሚፈልገው አምስቱን ብቻ ነው። የሮክ ሙዚቃ ጊታር የቆመባቸው ሦስት ምሰሶዎች ደግሞ ከመነሻው፣ ከአራተኛውና ከአምስተኛው ድምፅ የሚገነቡት ኮርዶች ናቸው። እንግዲህ ትዝታ ቅኝትን እንመልከት፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የመጀመሪያው ምሰሶ ከዚህ ውስጥ ይገኛል። ሁለተኛው ግን ፋን ይጠይቃል፤ ሦስተኛው ሲን ይጠይቃል፤ ሁለቱም በትዝታ ቤት የሉም። በባቲም ቢሆን ነገሩ አይቀልም፤ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ተብሎ ሲቃኝ የአራተኛው ኮርድ ላን፣ የአምስተኛው ሬን ፈልጎ ከቤቱ ይወጣል። ስለዚህ ከፈረንጅ ሸክላ የተማረውን ሦስት ምሰሶ እንዳለ አምጥቶ የሚተክል ጊታር ተጫዋች ትዝታን ያፈርሰዋል። የቅኝቱን ድንበር ጠብቆ ጊታሩን ማናገር የሚሻ ሰው ምሰሶውን ትቶ በመስመር ማሰብ አለበት፤ እንደ ክራር ማሰብ አለበት።

በሰላም ስዩም እጅ የሚሰማው ይህ አስተሳሰብ ነው። ክራር ሁለት አመታት አለው። በድርደራ ጣቶች ክሩን አንድ በአንድ ይነካሉ። በግርፍ ደግሞ ቀኝ እጅ ክሮቹን በሙሉ ሲገርፍ፣ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለጉትን ክሮች ዝም ያሰኟቸዋል። ሙዚቃው የተሠራው ከተፈቀደው ድምፅ ብቻ ሳይሆን ከተከለከለውም ነው። ሰላም በዘፈን ውስጥ ሲጫወት ጊታሩ አጫጭር፣ የታፈኑ፣ እየተሽከረከሩ የሚመለሱ ሐረጎችን ይዞ ይዘልቃል። በስድስት ስምንተኛው ምት ላይ ከበሮው ሦስት ሲል ጊታሩ ሁለት እያለ፣ ሁለት ሲል ሦስት እያለ ይከራከረዋል። ይህ በኤሌክትሪክ የተነሣ የክራር ግርፍ ነው። ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ደግሞ ጊታሩ ከጓዳው ብቅ ብሎ አንድ ሐረግ ይናገራል፤ ክሩን በጣቱ ገፍቶ ያጎብጠዋል፤ በዘንጎቹ መካከል የሌለውን ድምፅ ከመሲንቆ ተበድሮ ያመጣዋል። ስንኙ ሲመለስ ጊታሩ ዝም ይላል። የት ዝም እንደሚባል ማወቅ ከሙያ ሁሉ የከበደው ነው። አዝማሪ ከመሲንቆው ጋር የሚያደርገውን ንግግር ሁለት ሰዎች ሆነው እንደገና ጀመሩት ማለት ነው። ይህን ሰው «አጃቢ» ማለት ከቶ እንዴት ይቻላል?

እዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞዎች ይነሣሉ፤ ለሦስቱም መልስ አለ።

የመጀመሪያው «ጊታር የባዕድ መሣሪያ ነው፤ ሮክም የባዕድ ጩኸት ነው» የሚለው ነው። ይህ ክስ በየትውልዱ ይታደሳል። ጃኖ ባንድ ከአሜሪካዊው አቀናባሪ ከቢል ላዝዌል ጋር ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 «ኤርታሌ»ን ባወጣ ጊዜም ከየአቅጣጫው ተሰምቷል። ከሳሾቹ ግን ችሎቱን አያጸኑም። መለከቱ ከሩሲያ፣ መምህሩ ከአርመን፣ ሳክስፎኑ ከቤልጂግ ሲመጣ ባዕድ አላሉም፤ አንድ ትውልድ ሲያልፍ «ወርቃማው ዘመን» ብለው አለቀሱለት። የመሣሪያ ዜግነት በተሠራበት ፋብሪካ አይለይም። ጂሚ ሄንድሪክስ ለቀኝ እጅ የተሠራውን ጊታር ገልብጦ በግራው ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 በውድስቶክ መድረክ የአገሩን መዝሙር በዚያ ጊታር ሲያስጮኸው ማንም ሰው የፋብሪካውን ድምፅ አልሰማም፤ የሰሙት የቬትናም ጦርነት ያስጨነቀውን ትውልድ ድምፅ ነው። ጊታር የያዘው ሰው ነው። ትዝታን የሚያውቅ እጅ ከያዘው ትዝታ ይናገራል፤ ጌራርሳን የሚያውቅ እጅ ከያዘውም ጌራርሳ ሊናገር ይችላል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የከበደ ነው። «ይህ ሕዝብ የቃል ሕዝብ ነው፤ ቅኔ ያሳደገው ጆሮ የሚያደምጠው ስንኙን ነው፤ ዜማው የስንኙ ልብስ ነው» ይላል። በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ የተወለደውን ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅንን ያፈራ ምድር የቃልን ክብር ከማንም አይማርም። ነገር ግን አንድ ማስረጃ ተቃውሞውን ያፈርሰዋል። «እሬ መላ መላ» እ.ኤ.አ. በ1986 ብራስልስ ላይ ክራምድ ዲስክስ በተባለ አሳታሚ ሲወጣ ገዝቶ ያደመጠው ቤልጂጋዊ ከአማርኛው አንዲት ቃል አልገባችውም። እ.ኤ.አ. በ1997 ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተሰኘውን ተከታታይ ዲስክ ጀምሮ የማሕሙድንና የኢቤክስን ሥራ ሰባተኛ ቅጽ አድርጎ ባወጣ ጊዜም እንዲሁ ነበር። ታዲያ ባዕዱ በምን ተማረከ? ሰሙንም ወርቁንም አያውቅም። የማረከው የማሕሙድ ጉሮሮና ያ የሚሽከረከር ድምፅ ነው፤ ጊታሩ፣ ቤዙ፣ ሳክስፎኑ ነው። የአገሩ ሐያሲ በገዛ ቤቱ ያልሰማውን ነገር ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሰማለት። በዚህ መኩራራት አይገባም፤ ማፈር ይገባል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሙዚቀኞቹ መንደር የሚመጣ ነው። «የሮሃ ዘመን ዘፈኖችን አንድ ዓይነት አደረጋቸው፤ ዘፋኙ ይለወጣል፣ ድምፁ አይለወጥም» ይላል። ይህ ክስ እውነትነት አለው። ጥቂት ባንዶች የአንድን አገር ዘፋኞች ሁሉ ሲሸከሙ ልማድ ይበዛል፤ ትናንት የሠመረ ሐረግ ዛሬ በሌላ ዘፈን ይደገማል። ሰላም ስዩምም ከዚህ ወቀሳ ነጻ አይወጣም። ነገር ግን ከሳሽ የራሱን ቃል ልብ ይበል። ዘፈኖች ተመሳስለው ሲገኙ ጥፋቱ የባንዱ ከሆነ፣ አምረው ሲገኙ ውበቱ የማን ሊሆን ነው? ለነቀፋ ሲሆን በስሙ እየተጠራ፣ ለምስጋና ሲሆን ስሙ የሚጠፋበት ምክንያት ምንድን ነው? መመሳሰሉን ያመጣውም ይኸው «አጃቢ» የሚለው ንቀት ነው። ስሙ የማይጻፍለት ሰው ለስሙ አይጨነቅም። በሥራው ላይ የሚፈርም ባለሙያ ግን የትናንቱን ደግሞ ማቅረብ ያሳፍረዋል።

ንቀቱ ያስከተለው ጉዳት ከዚህም ያልፋል። አጃቢ ከሆነ በሌላ አጃቢ ይተካል፤ በርካሽ ከተገኘም በማሽን ይተካል። የሆነውም ይህ ነው። አንድ ሰው ኪቦርድ ይዞ ከበሮውን፣ ቤዙንና ነፋሱን ሁሉ በአንድ ቁልፍ ሲያመጣ ሠርገኛውም አሳታሚውም ደስ አላቸው። ስድስት ሰው የሚበላውን አንድ ሰው በላው። የባንዶች ዘመን አለፈ፤ ሰላም ስዩምም እንደ ብዙ ጓደኞቹ ኑሮውን በአሜሪካ አደረገ። ማንም ሰው በአደባባይ አላለቀሰም፤ ዘፋኙ አለና! ለጌታው እስካልጎደለበት ድረስ አጃቢው ቢበተን ማን ይጠይቃል?

አሁን ወደ ሸነን እንመለስ። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሆለታና በጊንጪ አልፎ መቶ ኪሎ ሜትር ከተሻገረ በኋላ የሚገኘው ይህ ምድር የዘፈን ድሃ አይደለም። ጌራርሳ አለው፤ ጀግናው ያለፈበትን መከራና የሠራውን ሥራ ቆጥሮ የሚያሰማበት ነው። ረገዳ አለው፤ ምድርን በእግር የሚያናግር ምት ነው። መሲንቆ አለው። ከአምቦ እስከ ጉደር ባሉት ከተሞች ጊታር አንግቶ የሚሄድ ወጣትም አይጠፋም። የሚጎድለው ሰላም ስዩም በትዝታና በባቲ ላይ የሠራውን ሥራ በጌራርሳ ላይ የሚሠራ ሰው ነው። ጌራርሳ በንግግርና በዜማ መካከል የሚሄድ፣ በተለካ ምት የማይታሰር ነገር ነው። ጊታሩ ከሱ ጋር እንዴት ይራመድ? የት ይግባ? የት ዝም ይበል? ጥያቄው ከባድ ነው፤ መልሱም የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። ነገር ግን ማን ወጣት ነው ዕድሜውን አጃቢ ተብሎ ለመቅረት የሚሰጠው? የኪነት ውድድር ሲዘጋጅ ሽልማቱ ለድምፃዊ ነው፤ ዳኛው የሚሞላው ቅጽ ለድምፅና ለግጥም ቦታ አለው። ለጊታሩ መስመር የለውም። መስመር ያልተሰመረለት ሙያ እንዴት ያድጋል?

ለዚህ መድኃኒቱ ሩቅ አይደለም። ሕጉ ከሙያተኛው ቀድሞ ነቅቷል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለከዋኝ መብት ሰጥቷል። ከዋኝ ሲልም ዘፋኙን ብቻ አላለም፤ መሣሪያ ተጫዋቹም ከዋኝ ነው። እንግዲህ አሳታሚ ዘፈን ሲያወጣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ስም ከነመሣሪያው ይጻፍ። ሬዲዮ ዘፈን ሲያሰማ የድምፃዊውን ስም በጠራበት ትንፋሽ የተጫዋቾቹንም ይጥራ፤ አምስት ሰከንድ አይፈጅበትም። የባህል ቢሮዎችና ማኅበራት ውድድር ሲያዘጋጁ ለመሣሪያ የራሱን ሽልማት ይቁረጡ። የሙዚቃ መምህራን ተማሪዎቻቸውን ከባሕር ማዶ ሸክላ ብቻ ከማስጠናት ወጥተው የሰላም ስዩምን ሐረጎች፣ የማሕሙድ አማንን የዋልያስ ጊታር በኖታ ጽፈው ያስጠኑ። ሐያሲም ጆሮውን ይክፈት፤ ስለ አንድ ዘፈን አሥር ገጽ ጽፎ ስለ መሣሪያው አንዲት ዓረፍተ ነገር ያላሰፈረ ሰው የጻፈው ስለ ግጥም ነው፤ ስለ ዘፈን ጻፍኩ አይበል።

ከሁሉ በፊት ግን ቃሉ ይሻር። ቋንቋው ድሃ አይደለም፤ ደርዳሪ አለው፣ መቺ አለው፣ ነፊ አለው፣ ተጫዋች አለው። እነዚህ ሁሉ ሰውየውን በሚሠራው ሥራ ይጠሩታል። «አጃቢ» ግን በሚከተለው ጌታ ይጠራዋል። ይህ ቃል ከሽፋኑ፣ ከሬዲዮውና ከብዕሩ በወጣ ቀን በአምቦ መንገድ ዳር የቆመው ያ ወጣት ስለ ተጫዋቾቹ ሲጠየቅ ዝም አይልም። ምናልባትም በጀርባው ያነገተውን ጊታር አውርዶ ስሙን በራሱ እጅ ይነግራችሁ ይሆናል።